አንድ ወንበር ትንሽ አይደለችም

ዘንድሮ እኛ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች የክፍል አለቃ ስንመርጥ ሁለት እጩዎች ነበሩን። አንደኛው ከምርጫው በፊት ክፍሉን በሙሉ ሳንዱችና ለስላሳ ጋበዘ። ሁለተኛዋ በየዴስኩ እየዞረች ምን እንዲስተካከል እንደምንፈልግ ጠየቀችን፤ መልሳችንንም በደብተሯ ጻፈች። «እጃችሁን አውጡ» ስንባል አብዛኞቻችን ለጋባዡ አወጣን። የበላንለትን ልጅ ፊት ለፊት መከልከል ከበደን። ያ ደብተር ግን እስካሁን ከሐሳባችን አልወጣም።

ገንዘብና ሥልጣን ያለውን በባዶ እጁ የሚገጥም ሰው ሞኝ ይመስላል። ሁልጊዜ ግን አይሸነፍም። በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ወር በኒውዮርክ የ28 ዓመቷ አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ ኮርቴዝ ለአሜሪካ ኮንግረስ እጩ በሚለይበት የፓርቲ ውስጥ ምርጫ ጆሴፍ ክራውሊን አሸነፈች። እሷ በአስተናጋጅነት ስትሠራ የነበረች ወጣት ናት። እሳቸው አሥር ጊዜ የተመረጡ፣ በዘመቻ ገንዘብም በብዙ እጥፍ የሚበልጧት ሰው ነበሩ። እሷ ደጅ ለደጅ ስትዞር ጫማዋ ተበሳ።

የአገራችን ነገር ከዚህ ይከብዳል። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች ተቃዋሚዎች በሙሉ አሸነፉ። በ2002 ዓ.ም. ግን ከአገሪቱ 547 ወንበሮች 545ቱ የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆኑ። ከቀሩት ሁለቱ አንዱን የግል ተወዳዳሪ፣ ሌላውን በአዲስ አበባ የመድረክ እጩ የነበሩት አቶ ግርማ ሰይፉ አገኙ። በ2007 ዓ.ም. ያቺ አንዲት የተቃዋሚ ወንበርም አልተረፈች።

«ታዲያ አንድ ሰው ብቻውን ምን ሊያደርግ?» የሚሉን ታላላቆች አሉ። እውነት ነው፣ አንድ እጅ ሕግ አያስቀርም። ነገር ግን ያ እጅ ለተቃውሞ ሲነሳ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ማለት አይቻልም። የተጠየቀ ጥያቄም በቃለ ጉባኤ ይቀመጣል። ስለዚህ አንዲት ወንበር ትንሽ አይደለችም።

ሆኖም የተወዳዳሪ ድፍረት ብቻውን አይበቃም። ጫማ እስኪበሳ የዞረ ሰው የሚያሸንፈው መራጩ ማንንም ሳይፈራና ሳያፍር ድምፁን በምስጢር ሲሰጥ፣ የተሰጠውም ድምፅ በትክክል ሲቆጠር ነው። እኛ በአንድ ሳንዱች ካፈርን፣ እንጀራው በሌላ ሰው እጅ ያለ መራጭ እንዴት ሊሆን ነው?

ብዙዎቻችን 18 ዓመት የሚሞላን እዚሁ ካርቱም ነው። የአገራችን የምርጫ ሣጥን አርካዊት ድረስ አይመጣም። ስለዚህ መምረጥን የምንለማመደው በክፍላችን፣ በትምህርት ቤታችንና በማኅበራችን ነው። እዚህ ያልተማርነውን አገር ቤት ስንገባ በአንድ ቀን አናውቀውም።

ለከርሞ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ድምፅ በወረቀት በምስጢር ይሰጥ። ለእጩዎች ሁሉ እኩል የንግግር ደቂቃ ይሰጥ። በምርጫ ሳምንት ግብዣ ይቅር። ወላጆቻችንም በማኅበሩ ስብሰባ እንዲሁ ቢያደርጉ ደስ ይለናል፤ እኛ የምናየው እነሱን ነውና።

ጋባዡ ጓደኛችንን አንወቅስም፤ የበላነው እኛ ነን። የደብተሯን ባለቤት ግን ይቅርታ እንጠይቃለን። እህታችን፣ ደብተርሽን አትጣይው። ለከርሞም ተወዳደሪ።