ለኛ ሲሆን ግፍ፣ ለሌላው ሲሆን ሕግ?



ውድ ወንድሞችና እህቶች! አንድ ሰው በጻፈው ጽሑፍ ታሰረ ሲባል ብዙዎቻችን ቀድመን የምንጠይቀው «ምን ጻፈ?» ብለን አይደለም፤ «የማን ወገን ነው?» ብለን ነው። የኛ ከሆነ ፕሮፋይላችንን በፎቶው እንቀይራለን። የነሱ ከሆነ «እሰይ፣ ይበለው!» ብለን እናልፋለን። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ በሽታችን ነው።

እስኪ ወደ ኋላ ተመልሰን ራሳችንን እናስታውስ። በ2004 ከአወሊያ የተነሳው የመብት ጥያቄ ሦስት ነጥብ ነበረው፦ የአሕባሽ አስተምህሮ በግዳጅ መጫኑ ይቁም፣ የመጅሊስ ምርጫ በመስጂዶቻችን ይካሄድ፣ አወሊያ በሕዝብ በተመረጠ ቦርድ ይተዳደር። ይህን የሚያሰማልን ቴሌቪዥን አልነበረንም። የነበረን የፌስቡክ ገጽና ጥቂት መጽሔት ነበር። የጁምዓው መርሐ ግብር በፌስቡክ ይወጣል፤ ኢንተርኔት የሌለው ካለው ይሰማል፤ አንዋር መስጂድ ላይ ሺዎች እጃቸውን አጣምረው በዝምታ ይቆማሉ።

ምላሹ ምን ሆነ? በሐምሌ 2004 የኮሚቴው አባላት ሲታሰሩ የ«የሙስሊሞች ጉዳይ» መጽሔት አዘጋጅ ዩሱፍ ጌታቸውም አብሮ ታሰረ። በጥር 2005 የመጽሔቱ ባልደረባ ሰለሞን ከበደ ተከተለው። ሐምሌ 2007 ላይ 18 ተከሳሾች ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው፤ ለዩሱፍ የደረሰው 7 ዓመት ነበር። በይቅርታ ሲወጣ ከሦስት ዓመት በላይ ታስሮ ነበር። እነዚያን ዓመታት ማን ይመልስለታል?

ሁላችንም የተከሰስንበት የጸረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 ነው። አንቀጽ 6ን ያነበበ ያውቀዋል። በተዘዋዋሪ እንኳ ሽብርን ያበረታታል ተብሎ ሊታሰብ የሚችል ነገር ያሳተመ ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት ይቀጣል ይላል። እንዲህ የተለጠጠ ሕግ ማንንም ያስገባል። አስገብቷልም። የኛዎቹ በታሰሩበት በዚያው ሐምሌ ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ 18 ዓመት ተፈረደበት። በሚያዝያ 2006 ደግሞ ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ተለቅመው ታሰሩ። ስማቸውን ያወጡት የቃሊቲን ስምንት ዞኖች ቆጥረው ነው፤ ዘጠነኛው ዞን ከግቢው ውጭ ያለው አገር መሆኑ ነው። አንድ ሕግ፣ አንድ ክስ፣ አንድ እስር ቤት። ከኛ መካከል ስንቱ ለነሱ ዱዓ አደረገ? ከነሱ ወገንስ ስንቱ ለኛ ጮኸ? ገዢው የኖረው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

«ያ አዋጅ እኮ ተሽሯል» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ በ2012 በሌላ ተተክቷል። ልማዱ ግን አልተሻረም። በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ሲዘጉ ምን አደረግን? ጉዳዩ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነው ብለን ቪፒኤን አውርደን ተሻገርነው። እገዳው አምስት ወር ገደማ ቆየ። ከዚያ በፊት ትግራይ ውስጥ ለሁለት ዓመት ያህል ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ልጅ የእናቱን መኖር ሳያውቅ ሲያድር፣ ስንቶቻችን ተናገርን? አልነጃሺ ያለውም እዚያው ነው!

«ታዲያ በኛ ላይ ጥላቻ የሚነዛውስ ዝም ይባል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። በ2012 የሞጣ መስጂዶች ሲቃጠሉ፣ በ2014 ጎንደር ላይ ወገኖቻችን ሲገደሉ ያየ ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ግደሉ፣ አቃጥሉ ብሎ የጻፈ ይጠየቅ፤ እኛም እንጠይቃለን። ነገር ግን በግልጽ ችሎት፣ በማስረጃ፣ ጠበቃ ቆሞለት ይሁን። ባለሥልጣን የነቀፈና ሰው እንዲታረድ የጠራ እኩል አይደሉም። ሁለቱን አንድ ላይ የሚከት አሠራር ነገ የኛን ኡስታዝ ከመስጂድ በር ላይ ይወስደዋል። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ካሰራጨ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት እንደሚደርስ ይደነግጋል። ስንት የዳዕዋ ገጽ ከዚያ በታች ነው?

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ነገር እንያዝ።

አንደኛ፣ የማንም ጸሐፊ መታሰር ሲሰማ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፦ ምን ጻፈ? ሕገ መንግሥቱ ባለው 48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ቀረበ? ቤተሰቡና ጠበቃው አገኙት? መልሱ ካልመጣ ስሙን እየጠራን እንጻፍ። የታሰረ ሰው ስሙ ሲረሳ ይበልጥ ይጎዳል።

ሁለተኛ፣ ስላልወደድነው ብቻ የሰው ገጽ ለማዘጋት «ሪፖርት አድርጉ» እየተባባልን መዝመቱን እንተው። አፍ መዝጋትን ከመንግሥት ተምረን እርስ በርስ መለማመዱ አያዋጣንም።

ሦስተኛ፣ ሳናጣራ አናጋራ። አንድ የሐሰት ፖስት ለአሳሪው የመቶ ሰው መያዣ ይሆነዋል።

ዙልም ዙልም ነው፤ የተበዳዩ ሃይማኖትና ብሔር ስሙን አይቀይረውም። ዲናችን ለምንጠላው ሰው ሳይቀር ፍትሐዊ እንድንሆን ያዘዘን ለዚህ ነው። ያኔ በታሰርን ጊዜ ሌላው እንዲጮህልን ተመኝተን ነበር። ዛሬ ተራው የኛ ነው።

አላህ በቃላቸው ምክንያት የታሰሩትን ሁሉ ነጃ ይበላቸው። አሚን!