ፋብሪካው ሙዚየም ሆነ፣ ሠራተኛውስ?

ኖርዝ አዳምስ 13 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት የማሳቹሴትስ ትንሽ ከተማ ናት። መሃሏ ላይ ግን ለእሷ ስፋት ከልክ ያለፈ የቀይ ጡብ ፋብሪካ ግቢ አለ። ዛሬ ማስ ሞካ የሚባል ትልቅ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። አሜሪካ ውስጥ የአሮጌ ፋብሪካ እድሳት ሲነሳ "ይኸው ተሳካ" እየተባለ የሚጠቀሰው እሱ ነው።

እውነትም ተሳክቷል። ግን ለማን?

ግቢው መጀመሪያ ጨርቅ ይታተምበት ነበር። 1942 ላይ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ስፕራግ ኤሌክትሪክ ገባበት። ካፓሲተር ይሠራ ነበር፤ አሁን በያዛችሁት ስልክ ውስጥም ብዙ ካፓሲተር አለ። በ1966 ከተማዋ 18 ሺህ ሕዝብ ሲኖራት ስፕራግ ብቻውን ከ4 ሺህ በላይ ሠራተኛ ነበረው። አስቡት፣ ከአራትና ከአምስት ሰው አንዱ ማለት ነው! በ1970 ሠራተኞቹ ለአሥር ሳምንት ሥራ አቆሙ። ከዚያ ከውጭ የሚገባው ርካሽ ዕቃ በረታ፣ 1985 ላይ ግቢው ተዘጋ።

ባዶውን ግቢ ያዳነው ግንባታው ነው። መብራት እንደልብ ባልነበረበት ዘመን የተሠራ ፋብሪካ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ወለሉም ከባድ ማሽን ይችላል። ግዙፍ የሥነ ጥበብ ሥራ የሚፈልገው ይሄንኑ ነው። ግዛቱ በ1988 35 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ፣ ሙዚየሙ ግን የተከፈተው 1999 ላይ ነው። አንዱ ሕንፃ ውስጥ 105 የሶል ለዊት የግድግዳ ሥዕሎች አሉ። ከተማዋ ቀደም ብላ በ"እድሳት" ስም የዋና መንገዷን አንድ ጎን አፍርሳ ስለነበር፣ ይሄኛው መትረፉ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሰዉ እንምጣ። 2014 ላይ የከተማዋ ብቸኛ ሆስፒታል ተዘጋ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ሙዚየሙ አንድ ሌላ ግዙፍ ሕንፃ አድሶ ከፈተ። ሆስፒታሉ እንደገና አልጋ ይዞ ማስተኛት የጀመረው በ2024 ነው። ሙዚየሙ ሆስፒታሉን አዘጋው እያልኩ አይደለም። ግን "ከተማዋ ተነሳች" የሚሉት ጽሑፎች ውስጥ ይሄ ለምን አይገባም?

የሙዚየሙ ሠራተኞችም በ2021 ተደራጁ። የተቀላቀሉት የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞችን ማኅበር ነው (አዎ፣ የመኪና!)። በማርች 2024 120 ገደማ ሠራተኞች ለሦስት ሳምንት ያህል ሥራ አቆሙ። የጠየቁት ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ወደ 18 ዶላር ከ25 ሳንቲም ከፍ እንዲል ነው። የስፕራግ ሠራተኞች ካመፁ 54 ዓመት በኋላ፣ ያው ግቢ፣ ያው የደሞዝ ጥያቄ። ልዩነቱ ቁጥሩ ላይ ነው፤ ያኔ በሺዎች፣ አሁን በመቶ።

ስለዚህ ሙዚየሙ የፋብሪካውን ቦታ እንጂ የፋብሪካውን ሥራ አልተካም። ይሄ የሙዚየሙ ጥፋት አይመስለኝም፤ ሙዚየም 4 ሺህ ሰው ሊቀጥር አይችልም። ችግሩ ያለው ፖሊሲው ላይ ነው። የፌዴራል መንግሥት ታሪካዊ የንግድ ሕንፃ ላደሰ ባለሀብት ከወጪው 20 በመቶውን ከግብሩ ይቀንስለታል። ተቆጣጣሪዎቹ የመስኮቱን ቅርጽና የጡቡን አጸዳድ ሳይቀር ያያሉ። በሕንፃው ውስጥ ስንት ሰው፣ በስንት ብር እንደሚቀጠር የሚጠይቅ መስፈርት ግን የለውም።