የሱቁ ኮምፒውተር ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ሐርጌሳ የምንነግድ ሰዎች ካዝናችንን ከፍተን ትተን ዕቃ ለማምጣት ወደ ቶጎ ውጫሌ አንወርድም። ኮምፒውተራችንን ግን ከፍተን እንሄዳለን። ይህን የምንለው በራሳችን ስለደረሰ ነው።

ዊንዶውስ አዲስ ፕሮግራም ሲጫን «ትፈቅዳላችሁ ወይ?» እያለ ይጠይቃል። ጥያቄው አሰለቸንና ለጠጋኙ ነገርነው። እሱም ተዘግቶ የነበረውን ዋናውን የአስተዳዳሪ አካውንት ከፈተልን፤ ፓስወርድም አላደረገበትም። ለጥቂት ወራት ተመቸን። አንድ ቀን ሱቅ የሚውለው ልጅ ከጓደኛው ባመጣው ፍላሽ የተሰበረ ፕሮግራም ጫነ። ኮምፒውተሩ ምንም አልጠየቀውም። በማግስቱ የሦስት ወር የዱቤ መዝገባችን አልከፈት አለ። ጎረቤቶቻችን «ደይን» የሚሉትን ዕዳ አስታውሰው በዛድ የላኩልን ደንበኞች አሉ፤ እግዜር ይስጣቸው። ዝም ያሉትን ግን በምን ማስረጃ እንጠይቃቸው?

ጠጋኙን ብቻ አንወቅስም፤ ያዘዝነው እኛ ነን። ሳንጠይቅ የቀረነው ግን ያ አካውንት መጀመሪያ ለምን እንደተዘጋ ነው። ከቪስታ ጀምሮ ዊንዶውስ ይህን አካውንት ዘግቶት ነው የሚመጣው፤ ሲከፈት ያ የፈቃድ ጥያቄ ይቀራልና። በማክም «ሩት» የሚባለው ተጠቃሚ ተዘግቶ ይመጣል። ኡቡንቱም ከ2004 የመጀመሪያ እትሙ ጀምሮ ሩትን ቆልፎ፣ ባለቤቱ ለአንድ ሥራ ብቻ በ«ሱዶ» ፓስወርዱን እየሰጠ እንዲሠራ ያደርጋል። ሦስቱም እንዲህ ያደረጉት ሊያሰለቹን ፈልገው አይደለም። በሙሉ ሥልጣን የተከፈተ ፕሮግራም፣ ቫይረስም ቢሆን፣ ያንኑ ሙሉ ሥልጣን ይዞ ይሠራል።

ኮሜርስ ስንማር ከተሰጠን ትምህርት አንዱ ገንዘብ የሚቀበለውና ሒሳብ የሚጽፈው ሰው አንድ አይሁን የሚል ነው። ሰውን ሌባ ለማለት አይደለም፤ ስህተት ሲፈጠር የሚያይ ሌላ ዓይን እንዲኖር ነው። የፈቃዱ ጥያቄም ያ ሌላ ዓይን ነው።

«ባለቤቷ በሌለችበት ፕሪንተር ቢበላሽ ሥራ ይቆማል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ አንዳንዴ ይቆማል። ግማሽ ቀን ሥራ መቆም ግን የሦስት ወር ዱቤ ከማጣት ይሻላል። አካውንቱን መክፈት የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ፤ ለምሳሌ ያለን አንድ የአስተዳዳሪ አካውንት ሲበላሽ። ያኔ ይከፈት፣ ጥገናው ሲያልቅ ያኑ ዕለት ይዘጋ።

እኛ አሁን እንዲህ አድርገናል። ሠራተኛው ተራ አካውንት አለው፤ ደረሰኝ ያወጣል፣ ሒሳብ ይጽፋል፣ ፕሮግራም ግን አይጭንም። ከእሱ የተለየ የአስተዳዳሪ አካውንት አለ፤ ፓስወርዱን የምናውቀው እኛ ነን፣ ወረቀት ላይ ተጽፎ ካዝና ውስጥ ተቀምጧል። ጠጋኝ ሲመጣ አጠገቡ ቆመን እኛው እንጽፋለን። እሱ ብቻ የሚያውቀው ፓስወርድ ከሆነማ ሱቁ የእኛ፣ ቁልፉ የእሱ ሆነ ማለት ነው።

ይህም ብቻውን አይበቃም። ተራ አካውንት የራሱን ፋይል ማጥፋት ይችላል፣ በእሱ የገባ ቫይረስም እንዲሁ። ስለዚህ ማታ ማታ መዝገቡን በፍላሽ ገልብጠን ፍላሹን ነቅለን ቤት ይዘን እንገባለን። ኤፕሪል 1 ቀን 2022 ሌሊት የዋሄን ገበያ ሲቃጠል ያየ ነጋዴ፣ መዝገብን ከሱቅ ጋር ማሳደር ምን እንደሆነ ማንም ሊያስተምረው አይገባም።

ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። ዛሬ ሱቅ ስትገቡ ኮምፒውተራችሁን ክፈቱና በየትኛው አካውንት እንደምትሠሩ እዩ። ፓስወርድ ሳይጠይቅ የሚከፈት አስተዳዳሪ ካገኛችሁ፣ ደንበኛ ሳይበዛባችሁ ዝጉት።