ፈቃድና ሲሶ ሴኮንድ

የሰው ሥራ ከገዛ ፈቃዱ የሚመነጭ ነው ወይስ ከእርሱ በፊት በነበረ ምክንያት ግድ የሚፈጸም ነው የሚለው ጥያቄ፣ በአበው ዘመን ከእግዚአብሔር ቅድመ ዕውቀት ጋራ ተያይዞ በሊቃውንት ጉባኤ ሲመረመር ኖሮ፣ ባለፈው ምዕት ዓመት የሥነ ልቡና ሊቃውንት ተረከቡት፤ ከእነርሱም አሜሪካዊው ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በውስጣችን አለ የምንለው አዛዥ የጠባያችንን ምክንያት በሌላ መንገድ ማስረዳት ቢያቅተን ያቆምነው ነው እስከ ማለት ደረሰ። በእኛም አገር «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» ብሎ ነገር የሚዘጋ ሰው የስኪነር ጎረቤት ይመስላል፤ ስኪነር ግን የሚያሳብበው በዕድል ሳይሆን በአካባቢ ነውና፣ አካባቢም ይለወጣልና፣ ጉርብትናቸው ከአጥሩ አያልፍም።

ክርክሩን ወደ ቤተ ሙከራ ያወረደው የሳንፍራንሲስኮው ቤንጃሚን ሊቤት ነው። እርሱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጡት ጥናት፣ የአእምሮን ኤሌክትሪክ የሚለቅም ሽቦ በራሳቸው ላይ የተጣበቀባቸው ሰዎች፣ በሰዓት ገጽ አምሳል በ2.56 ሴኮንድ አንድ ዙር የምትጨርስ የብርሃን ነጥብ እየተመለከቱ፣ አስቀድመው ሳይወስኑ ደስ ባላቸው ጊዜ እጃቸውን ከአንጓው እንዲያጥፉ፣ ፍላጎቱ በተሰማቸውም ቅጽበት ነጥቧ የት እንደ ነበረች እንዲናገሩ ታዘዙ። ሲሰላ፣ ፍላጎቱ የተሰማቸው ከእንቅስቃሴው 200 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ቀድሞ ሲሆን፣ የአእምሯቸው የዝግጅት ሞገድ ግን 550 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ቀድሞ ተነሥቶ ተገኘ፤ በዚህች ሲሶ ሴኮንድ ብዙዎች ነጻ ፈቃድን ከዙፋኑ አወረዱት። ሊቤት ራሱ ፍላጎቱ ከተሰማ በኋላ ሰው እጁን ሊከለክል የሚችልበት ጊዜ አለ ብሎ ያምን ነበርና፣ ስሙን የሚጠሩ ሰዎች ይህንንም አብረው ቢጠሩለት መልካም ነበር።

እኔ ነጻ ፈቃድን ከዙፋኑ ባወረደው ፍርድ አልስማማም። በዚያ ክፍል የተመረመረው፣ ቢያደርጉት የማይጠቅም ቢተዉት የማይጎዳ የእጅ መታጠፍ ነው። ደም የተቃቡ ወገኖችን ለማስታረቅ ሽማግሌዎች ደጁ የቆሙበትን ባለ ደም ተመልከቱ፤ መጀመሪያ አሻፈረኝ ይላል፣ ተለምኖ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ከወንድሞቹ ይመክራል፣ የነፍስ አባቱ ይገሥጹታል፣ ሌሊቱን ቂሙና ፈሪሃ እግዚአብሔር በልቡ ሲሟገቱ ያድራል፣ ከስንት ቀጠሮ በኋላም «ስለ እግዚአብሔር ብዬ ትቻለሁ» ይላል። ይህ ፈቃድ ነጥቧ የት ስትደርስ ተወለደ ይባላል? አስተዳደጉና የአገሩ ሥርዓት እንደ ገፋፉት አልክድም፤ ሆኖም ገፊዎቹ ሁሉ በእርሱ ሸንጎ ቀርበው፣ አንዱ ከሌላው ጋራ ተመዝነው ነው ነገሩ የተቆረጠው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ኡሪ ማኦዝና ባልደረቦቹ በዘፈቀደ በሚደረግና ታስቦበት በሚቆረጥ ነገር መካከል ያለውን ይህንኑ ልዩነት ፈተኑት። ሰዎቹ 1,000 ዶላር ከሁለት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ለየትኛው ይሰጥ ብለው ከልባቸው ሲመርጡ የዝግጅቱ ሞገድ ጠፋ ወይም እጅግ ደከመ፤ የቱንም ቢመርጡ ገንዘቡ ለሁለቱም እኩል በሚደርስበት ጊዜ ግን ጎልቶ ታየ። በዚህ ነጻ ፈቃድ ተረጋገጠ አልልም፣ ገና ያልታየ ሌላ ምክንያት ቀድሞ ሊሆን ይችላልና፤ ነገር ግን የሊቤትን ሞገድ ምስክር አድርጎ የቆጠረ ከሳሽ ሌላ ምስክር ይፈልግ።