ሳይቃጠል በቅጠል፤ ስለ ሞተር ብስክሌት መከላከያ ብረት

የተከበራችሁ የዞንና የወረዳ ሹማምንት፥ እናንተም ባለይዞታዎች፤

የቀድሞ ሰው መንገድ ሲነሣ የበቅሎውን ኮርቻ አጥብቆ፥ ልጓሙንም መርምሮ ነበር እንጂ፥ ከወደቅሁ በኋላ አስብበታለሁ አይልም ነበር። ዛሬ በሐይቅና በአምባሰል አገር የእርሻና የእንስሳት ሕክምና ሠራተኛ በቅሎው ሞተር ብስክሌት ናት፤ የመንገዱ ስንቅና ዝግጅት ግን ከቀድሞው አንሶ ይታያል።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ከአንድ የእንስሳት ሐኪም ጋራ ከውጫሌ ወደ ገጠር ስንወርድ ሞተሩ በጠጠር ላይ ተንሸራቶ በጎኑ ወደቀ። አካሄዳችን ቀስ ያለ ነበረና እኛን እግዚአብሔር አተረፈን፤ ነገር ግን የፍሪሲዮኑ እጀታ ተሰበረ፤ የሞተሩንም የጎን ክዳን ድንጋይ ሰንጥቆት ዘይቱ ፈሰሰ። በበረዶ ሣጥን የያዝነው ክትባት ሞቆ ተበላሸ፤ ከብታቸውን ሰብስበው የጠበቁን ገበሬዎችም በከንቱ ተመለሱ። ሞተሩ ግን መለዋወጫው እስኪገዛ ብዙ ወራት ቆመ።

የዚህ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ እርሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፍሬም ስላይደር የሚባለው፥ ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ አጭር ጉጠት ሆኖ በረጅም ብሎን ከቴላዮው ጋራ የሚታሰር ነው፤ ሞተሩ ሲወድቅ አስቀድሞ መሬት የሚነካው እርሱ ስለ ሆነ ተንሸራቶ ሌላውን አካል ያድናል። ይህ ከደሴ ወደ ወልድያ እንደሚወስደው ላለ አስፋልት የተስማማ ነው። በድንጋያማ መንገድ ግን ጉጠቱ ድንጋይ ይዞት ብሎኑን ሊያጣምም፥ ቴላዮውንም ሊጎዳ ይችላል።

ስለዚህ ለገጠር መንገድ የሚሻለው ሁለተኛው፥ ሞተሩን በግራና በቀኝ የሚያቅፈው የቱቦ ብረት ነው። ለእርሻ ሥራ ታስቦ የተሠራው ያማሃ አጂ 200 የሞተርና የእጀታ መከላከያ ይዞ ከፋብሪካ መውጣቱ ለዚሁ ነው። ለሌላው ሞተር ጥሩ በያጅ ሊሠራው ይችላል፤ ነገር ግን የብየዳ እሳት የቴላዮውን ብረት ያደክመዋልና በብሎንና በማቀፊያ ይታሰር እንጂ በቴላዮው ላይ አይበየድ። የፍሬኑንና የማርሹን መርገጫም እንዳይነካ ይታይ። ከወደቀ በኋላ ብሎኖቹ ሁሉ ይመርመሩ።

ደግሞም ይህ ብረት የሚጠብቀው ሞተሩን እንጂ ሰውን አይደለም፤ የሰውን ራስ የሚጠብቀው ሄልሜት የሚባለው የራስ ቁር ነውና አንዱ ስለ ሌላው አይቀርም።

አሁን ከእናንተ የሚፈለገው ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ፥ መከላከያ ያልታሰረለት ሞተር ለገጠር ሠራተኛ እንዳይሰጥ እዘዙ። ሁለተኛም፥ ወደቅሁ ብሎ በእውነት የሚያስታውቀውን ሠራተኛ ሳትመረምሩ ዕዳ አትጫኑበት፤ ዕዳ የፈራ ሰው ጉዳቱን ይሸሽጋል፥ የተሰነጠቀውም ክዳን ዘይቱን ይጨርሳል፥ ሞተሩም ያለ ዘይት ሠርቶ ይቃጠላል። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶች ይህን አይተው ነው። የጥቂት ብረት ዋጋ ዛሬ ብናወጣ፥ ነገ ገበሬው ከብቱን አሰልፎ በከንቱ አይውልም።