ኮምፒዩተር ከመግዛትህ በፊት

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ደመወዝ ከወጣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ኪስህን ስትዳብስ ምን እንደሚሰማህ ማንም ሊነግርህ አያስፈልግም። የቤት ኪራዩ ተከፍሏል፤ ለወላጅ የሚላከው ተልኳል፤ የታክሲውና የምሳው ወጪ ግን ወሩ እስኪያልቅ ይቀጥላል። ተማሪ ከሆንህም ችግሩ ያው ነው፤ ልዩነቱ የአንተ ደመወዝ ከቤት የሚላክልህ መሆኑ ነው። እንዲህ ባለው ጊዜ ብዙ ወጣት «አንድ ኮምፒዩተር ቢኖረኝ እቤቴ ቁጭ ብዬ በትርፍ ሰዓቴ ጥቂት ብር አገኝ ነበር» እያለ ያስባል። ሐሳቡ የሚያስመሰግን ነው። ጉዳት የሚያመጣው አጀማመሩ ነው፤ ዕቃው አስቀድሞ በብድር ይገዛል፤ ደንበኛው ከዚያ በኋላ ይፈለጋል። አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ኮምፒዩተሩ ከመገዛቱ በፊት መታወቅ ስላለበት ነገር ነው። «አንተ» እያልሁ ብጽፍም ምክሩ ለእኅቶቼም ጭምር መሆኑን ልብ በሉልኝ።

በቤት ውስጥ በኮምፒዩተር የሚሠራው ሥራ ዓይነቱ ብዙ ነው። የሱቆችን ሒሳብ የሚይዝ አለ፤ የሠርግ ጥሪና ማስታወቂያ የሚያዘጋጅ አለ፤ የሚተረጉምም አለ። እኔ ለምሳሌ የምወስደው ለተማሪና ለጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበውን ነው፤ ይኸውም የአማርኛ ጽሑፍ ታይፕ መትቶና አስተካክሎ ማስረከብ ነው። ሌላ ሥራ የመረጠ ሰው ሒሳቡን ወደ ራሱ ሥራ ማዛወር ይችላል።

ይህ ሥራ በአገራችን አዲስ አይደለም። በፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላቸውን ዘርግተው የባለጉዳዩን ቃል እየሰሙ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ኋላም ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ሰዎች የአማርኛን ፊደል በጽሕፈት መኪና ላይ ለማዋል ከደከሙ በኋላ ሥራው ወደ መኪና ተሻገረ። 33ቱ ፊደላት በ7 ድምፅ ሲባዙ 231 ስለሚሆኑ በጥቂት ቁልፎች ማብቃቃቱ ቀላል አልነበረም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ ከገባ ወዲህ ግን ነገሩ እየቀለለ ሄዶ ዛሬ የእጅ ስልክ እንኳ አማርኛ ይጽፋል። መሣሪያው ተለውጧል፤ የባለጉዳዩ ፍላጎት ግን አሁንም ያው ነው፤ ጉዳዩ በንጹሕ ጽሑፍ ተጽፎ በቀጠሮው ቀን እጁ እንዲገባለት ይፈልጋል።

እንግዲህ እርሳስና ወረቀት ያዝ። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለምሳሌ የተሰጡ ስለሆኑ በሰፈርህ ባለው ዋጋና በራስህ ጣት ፍጥነት ለውጣቸው።

አንድ ገጽ 250 ቃል ይዟል እንበል። በደቂቃ 25 ቃል የሚመታ ሰው ገጹን በ10 ደቂቃ ይጨርሳል። ከዋናው ጋር ለማመሳከርና ስሕተት ለማረም 5 ደቂቃ ጨምርበት፤ 15 ደቂቃ ይሆናል። ይህም በሰዓት 4 ገጽ ማለት ነው። ከሥራ ተመልሰህ በየማታው ለ2 ሰዓት ያህል ብትሠራ 8 ገጽ፣ በሳምንት 5 ማታ ብትሠራ 40 ገጽ፣ በ4 ሳምንት ደግሞ 160 ገጽ ይወጣሃል። አንድ ተማሪ 80 ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ ይዞ መጥቶ «በሳምንት ይድረስልኝ» ቢልህ መልስህ ከወዲሁ ታውቋል፤ ሥራው 10 ማታ ይፈልጋልና በሳምንት አይደርስም። የማይደርሰውን «ይደርሳል» ብለህ የተቀበልህ እንደ ሆነ ያን ተማሪ ብቻ ሳይሆን እርሱ የሚያውቃቸውን ሁሉ ታጣለህ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንለፍ። ያገለገለ ላፕቶፕ በ36,000 ብር ገዛህና 3 ዓመት አገለገለህ እንበል። 3 ዓመት 36 ወር ነውና ዕቃው በየወሩ 1,000 ብር ይበላል። ለኢንተርኔት፣ ለመብራትና ለመመላለሻ 200 ብር ጨምር፤ የወሩ ወጪ 1,200 ብር ሆነ። አንዱን ገጽ በ20 ብር ብትመታ 160 ገጽ 3,200 ብር ያስገባል፤ ወጪው ሲነሣለት 2,000 ብር ይቀራል። የሠራኸው 40 ሰዓት ስለሆነ ለአንድ ሰዓት ድካምህ 50 ብር አገኘህ ማለት ነው። ሥራው በግማሽ ቀንሶ 80 ገጽ ብቻ ብታገኝ ግን የሚቀርህ 400 ብር፣ ለሰዓትም 20 ብር ነው። 60 ገጽ ከሆነ ምንም አይተርፍህም። ከ60 ገጽ በታች ከወረደ ከደመወዝህ እየቀነስህ ኮምፒዩተሩን ትቀልበዋለህ።

ስለዚህ ዋናው ምክሬ ይህ ነው፤ ሳትገዛ አንድ ወር ሞክር። ከዘመድ ተውሰህ ወይም በሰፈርህ ካለ የኢንተርኔት ቤት በሰዓት እየከፈልህ ሥራ። በአንድ ወር ውስጥ 60 ገጽ የሚያመጡ ደንበኞች ካላገኘህ ያጠራቀምኸው ገንዘብ በቁጠባ ደብተርህ ውስጥ ይቆይ። ካገኘህ ግን የምትገዛው ዕቃ ሥራ ይዞ የሚጠብቅህ ይሆናል።

ደንበኛውስ ከወዴት ይመጣል? በቅርብህ ካሉት ጀምር። የሰፈርህ ዕድር መተዳደሪያ ደንቡን ለማሻሻል ያስብ ይሆናል፤ የአባላቱም ስም ዝርዝር በተቀዳደደ ደብተር ላይ ይገኝ ይሆናል። ሰንበት ትምህርት ቤቱ ለበዓል የሚያድለው ጽሑፍ አለው። መምህሩ የፈተና ወረቀት፣ ሥራ ፈላጊው የሥራ ማመልከቻና የትምህርትና የሥራ ልምዱን ዝርዝር ማስመታት ይፈልጋሉ። የመመረቂያ ጽሑፍ በብዛት የሚመጣው ግንቦትና ሰኔ ገደማ ስለሆነ በዚያ ወር የተገኘውን ብዛት አይተህ ዓመቱን በሙሉ እንዲሁ የሚሆን እንዳይመስልህ። የክረምቱን ጭር ያለ ወር ከሞላው ወር ጋር ደምረህ ለ12 አካፍለው።

ደግሞም የምትሸጠው ምን እንደ ሆነ አስብ። ጉግል የትርጉም አገልግሎቱን ለአማርኛ የከፈተው በየካቲት 2008 ዓ.ም. ነው፤ በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ደግሞ በድምፅ የተነገረውን አማርኛ ወደ ጽሑፍ መለወጥ ጀመረ። ዛሬ ብዙ ሰው በስልኩ ላይ ተናግሮ ያስጽፋል። ስለዚህ ጣትን ብቻ አምኖ የሚገባበት ሰው ዋጋው እየረከሰ መሄዱን ይወቀው። የማይረክሰው አስተውሎ ማንበብ ነው። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ «ዓመት» አንድ ጊዜ በዓይኑ «ዓ»፣ ሌላ ጊዜ በአልፋው «አ» ተጽፎ ሲገኝ አይቶ አንድ ዓይነት ማድረግ፤ ንጉሡን «ሠ» ከእሳቱ «ሰ» መለየት፤ ሐረጉ የት ላይ ነጠላ ሰረዝ፣ የት ላይ ድርብ ሰረዝ እንደሚያሻው ማወቅ፤ የገጽ ቁጥሩና ማውጫው መስማማታቸውን መመርመር፤ ይህ ሁሉ ባለጉዳዩ ሊከፍልበት የሚገባ ሥራ ነው። ይህን ዕውቀት ለማግኘት ብር አያስፈልግም፤ አንድ ጥሩ መዝገበ ቃላትና ትዕግሥት ይበቃል።

ስለ ዕቃው ጥቂት ልበል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለምትኖር ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ከጠረጴዛ ኮምፒዩተር ይሻልሃል፤ መብራቱ ድንገት ሲሄድ የጻፍኸው አብሮት አይሄድም። ባትሪው ምን ያህል እንደሚቆይ ሻጩን አትጠይቅ፤ ነቅለህ በሰዓትህ ለካው። ማተሚያ ገና ስትጀምር አትግዛ። የቀለሙ ወጪ የገጹን ትርፍ ሊበላው ይችላልና ጽሑፉን በፍላሽ ይዘህ ወደ ማተሚያ ቤት ሂድ። ነገር ግን ብዙ ሰው የሚሰካበት ኮምፒዩተር በቫይረስ የተበከለ ሊሆን ስለሚችል ለማሳተሚያ የምትይዘው ፍላሽ ለብቻው ይሁን፤ የሥራህ ዋና ቅጂ ያለበትን ፍላሽ ከቤት አታውጣው። እያንዳንዱ ሥራ በሁለት ቦታ ይቀመጥ። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ ጽሑፍ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታያልና ምንጊዜም በዩኒኮድ ጻፍ፤ ስታስረክብም ፊደሉና ገጹ እንዳይለዋወጥ በፒዲኤፍ አድርገው።

ክፍያን በሚመለከት ይሉኝታን ማራቅ ያስፈልጋል። ሥራውን ስትቀበል የገጹን ብዛት፣ ዋጋውን፣ የምታስረክብበትን ቀንና ስንት ጊዜ እንደምታርምለት በአንዲት ወረቀት ጽፈህ ሁለታችሁም ፈርሙ። ግማሹን በቀብድ ተቀበል፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ «ብር አልያዝሁም» ማለት ሰበብ ሊሆን አይችልም። ከዘመድና ከጓደኛም ቢሆን ተቀበል። ለዘመድ በነጻ መሥራት ከፈለግህ በነጻ መሆኑን አስቀድመህ ተናገር፤ ዋጋ ሳይነገር የተጀመረ ሥራ መጨረሻው መኳረፍ ነው።

አሁን ከገንዘቡ ሁሉ ወደሚበልጠው ነገር እንምጣ። ይህን ሥራ ስትጀምር ሦስት ዓይነት ፈተና መምጣቱ አይቀርም።

አንደኛው በመሥሪያ ቤትህ ጠረጴዛ ላይ ይጠብቅሃል። የመንግሥት ኮምፒዩተር፣ የመንግሥት ወረቀትና የመንግሥት ሰዓት በእጅህ ናቸው። «ለአንድ ገጽ ምን አለው?» ትላለህ። ባለጉዳይ ከመስኮቱ ውጭ ቆሞ እየጠበቀህ የግል ሥራ ስትመታ የሰረቅኸው ወረቀቱን ብቻ አይደለም፤ የዚያን ሰው ቀን ጭምር ነው።

ሁለተኛው ተማሪ ሆኖ ይመጣል። «ታይፕ ምታልኝ» ብሎ ይጀምርና ጥቂት ቆይቶ «አንተው ጻፍልኝ፤ በገጽ እጥፍ እከፍላለሁ» ይልሃል። እጥፍ ዋጋው ያጓጓል። ነገር ግን አንተ ጽፈህለት የተመረቀው ሰው ነገ የልጅህ መምህር ወይም የእናትህ ሐኪም ሊሆን ይችላል። ፊደሉን አርምለት፤ ገጹን አስተካክልለት፤ ሐሳቡ ግን የራሱ ይሁን።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል። የትምህርት ማስረጃውን ይዞ «ይህችን 2 ወደ 3 ለውጥልኝ» የሚል ሰው ይመጣል። ይህ የሐሰት ሰነድ መፈብረክ ስለሆነ በሕግ ወንጀል ነው፤ በአምስት ደቂቃ የተሠራው ሥራ አምስት ዓመት እስራት ባያመጣ እንኳ ስምህን ለዘለዓለም ያጠፋዋል። ከደጅ መልሰው።

ከዚህም ጋር የሰው ምሥጢር በእጅህ እንደሚገባ አስብ። የፍቺ ማመልከቻ፣ የሕመም ማስረጃ፣ የደመወዝ ዝርዝር ታያለህ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን መረጃ በጥንቃቄ መያዝ እንደሚገባ ይደነግጋል። አዋጁ ባይኖርም ቡና ሲጠጣ የደንበኛውን ጉዳይ የሚያወራ ጸሐፊ ሁለተኛ ደንበኛ አያገኝም።

ፈቃድን በሚመለከት ደግሞ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ያለ ፈቃድ መነገድን ስለሚከለክል የሙከራው ወር አልቆ ሥራውን ከመክፈትህ በፊት ወደ ወረዳህ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂድና ለሥራህ ዓይነት የሚያስፈልገውን ጠይቅ፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም አውጣ። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንህ መሥሪያ ቤትህ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሌላ ሥራ መሥራትን በሚመለከት ያወጣውን ደንብ አስቀድመህ አንብብ። ያስገባኸውንና ያወጣኸውን በየቀኑ በደብተር ጻፍ፤ ግብር በሚከፈልበት ወቅት የሚያድንህ ይህ ደብተር ነው።

የቤተሰብህንም ነገር አትርሳ። በአንድ ክፍል ውስጥ ለምትኖሩ ሰዎች የኮምፒዩተሩ ብርሃን የሌላውን እንቅልፍ ይነሣል። የሥራህን ሰዓት ወስነህ ለቤተሰቡ ንገር፤ ከዚያም ሰዓት አትለፍ። ሌሊቱን ሙሉ ሲመታ አድሮ ጠዋት በመሥሪያ ቤቱ ወይም በክፍሉ የሚያንቀላፋ ሰው ያተረፈው ገንዘብ የለም፤ ዋናውን እንጀራ ለትርፉ ለውጦታል።

ውድ አንባቢ፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። ዛሬ ማታ ወደ ሱቅ ከመሄድህ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ሥራ ሊሰጡህ የሚችሉ የአሥር ሰዎችን ስም ጻፍ። ነገ ከአሥሩ ሁለቱን አነጋግር። የመጀመሪያዋን ገጽ በተዋስኸው ኮምፒዩተር መትተህ፣ አርመህ፣ በቀጠሮው ቀን አስረክብ። ከዚያ በኋላ የቀሩህ 59 ገጾች ናቸው። ሥራህን ያቅናልህ።