ከሐይቅ ተቀማጭ የቀረበ አቤቱታ

ለሚመለከታችሁ የባህልና ቱሪዝም ኃላፊዎችና የሙዚየም አስተዳዳሪዎች፤

ጉዳዩ፦ የዊልቸር ተጠቃሚዎች ሙዚየም ገብተን ሥዕል ማየት እንድንችል አቤት ማለትን ይመለከታል።

እኔ አመልካች በደቡብ ወሎ የሐይቅ ከተማ ተቀማጭ ነኝ። ቃሉን በሁለቱም ትርጉሙ ውሰዱልኝ፤ ነዋሪም ነኝ፣ ከዊልቸሬ ላይም አልነሳም። የምተዳደረው የሱቅና የምግብ ቤት ሰሌዳ በመጻፍ ነው። ተቀምጬ ቁም ጽሑፍ የምጽፍ ሰው በመሆኔ ደንበኞቼ ይቀልዱብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ሥዕል መውደዴ ያደግሁበት አገር ነገር ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጎረቤቴ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጡት፣ በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈው አራቱ ወንጌል የእሳቸውን ምስል ይዟል። ያ ሠዓሊ ዓይንን በምን ዓይነት መስመር እንደከበበ፣ ቀይ ቀለሙን የት ላይ እንዳቆመ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የጥንት ብራና በቅርብ ማየት አለበት። ስለዚህ ለሕክምና አዲስ አበባ በሄድኩበት ጊዜ አንድ ቀን ለሙዚየም ተረፈችኝ። አብራኝ የነበረችው ታናሽ እህቴ ናት። ዊልቸሩ ከሐይቅ እስከ ደሴ ፖርቶ መጋላ ላይ ተጭኖ ነው የሄደው፤ እኔ በመንገደኛ ሒሳብ፣ እግሬ በጭነት ሒሳብ።

ሙዚየሙን በስም አልጠራውም። ከሌሎቹ የባሰ አይደለም፤ እሱን ብጠራ ሌሎቹ እፎይ ይላሉ።

በሩ ላይ አራት ደረጃ አለ። ጥበቃው ደግ ሰው ነበር፤ «ጋሼ፣ አይጨነቁ፣ እናነሳዎታለን» አለና ሦስት ወጣቶች ጠራ። ማንም በየት በኩል መያዝ እንዳለበት አልጠየቀኝም። አንደኛው የእጅ መደገፊያውን ጨብጦ ሲያነሳ መደገፊያው ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ፤ የእኔ ዊልቸር መደገፊያ እንዲነቀል ተደርጎ የተሠራ ነው። ወደ ጎን ተንጋድጄ የእህቴን ነጠላ ጨምድጄ ያዝኩ። ከዚያ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ተባለና ገባሁ። ሰው ሁሉ ቆሞ አየኝ። በዚያ ቀን ከታዩት ነገሮች የመጀመሪያው እኔ ነበርኩ ማለት ነው።

የሙዚየሙ ብራና በጠረጴዛ መልክ በተሠራ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ተዘርግቶ ተኝቷል። የቆመ ሰው ጎንበስ ብሎ ያየዋል። የእኔ ዓይን ከሣጥኑ ጠርዝ ጋር እኩል ስለሆነ ያየሁት የእንጨት ገበታውን ጫፍና የጥራዙን ክር ነው፤ ከዚያ በላይ የጣሪያው መብራት መስታወቱ ላይ ነጭ ሆኖ ተንጣሏል። እህቴ ቆማ ትነግረኝ ጀመር፦ «ዓይኑ ትልልቅ ነው፣ ልብሱ ቀይ ነው፣ እጁን እንዲህ አድርጓል።» የትኛውን እጁን? አልኳት። «ቀኙን… ቆይ እስቲ ወንድምዓለም፣ በእኔ ቀኝ ነው በእሱ ቀኝ?» እንዲህ አድርጌ ሥዕል በወሬ ሰማሁ። የቀሩት ሥዕሎች ፎቅ ላይ ናቸው ተባልን። ግማሽ ትኬት ብቻ ከፍዬ ቢሆን ዝም እል ነበር፤ ትኬቱ ግን ሙሉ ነው።

ደጅ መጥናት ለእኛ ለወሎዎች አዲስ ነገር አይደለም፤ ግን ደጅ የሚጠና ሰው አንድ ቀን ግባ ይባላል።

የምለምነው ምጽዋት እንዳይመስላችሁ ሕጉን ላስታውስ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ የሆነ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው አዟል፤ መጸዳጃ ቤቱንም አልረሳም። በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 30 ሙዚየምን በስሙ ይጠራል፤ ስለ ታሪካዊ ቅርሶች ሲናገር ብቻ «በተቻለ መጠን» ይላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 አካል ጉዳተኛን መደገፍንና ቅርስን መጠበቅን በአንድ አንቀጽ ሥር ነው ያስቀመጠው። ሁለቱ በወረቀት ላይ ከተጎራበቱ በደረጃ ላይ ምን አጣላቸው?

«በተቻለ መጠን» የምትለዋን ቃል አከብራለሁ። ግሸን ማርያምን አፍርሳችሁ አስተካክሉልኝ አልልም። አምባሰልን በቅኝቱ እንጂ በአምባው አላውቀውም፤ መስከረም 21 ቀን ለግሸን ንግሥ ሰው ወደ ላይ ሲተም እኔ ከታች ሆኜ እሸኛለሁ። የገዳምም ሥርዓት ሌላ ነው። ይሁን እንጂ የግሪኮቹ አክሮፖሊስ እንደ እኛ አምባ ገደል ላይ የተቀመጠ፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቅርስ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ለአካል ጉዳተኞች አዲስ ሊፍት ተተክሎለታል። አምባው አልፈረሰም። አራት ደረጃማ ምን ይባላል! እያንዳንዱ 17 ሳንቲሜትር ቢሆን ከፍታው 68 ነው። ለአንድ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሜትር በሚለው በተለመደው ስሌት ስምንት ሜትር ከጥቂት መወጣጫ ይበቃል። ያ ግቢ ያን ያህል ቦታ አለው፤ መኪና ቆሞበታል።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው ይህ ነው። ደረጃ ባለበት መግቢያ መወጣጫ ይሠራ፤ እስኪሠራ ድረስ ሰው ከማንሳታችሁ በፊት «በየት እንያዝ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከብራናዎቹ ቢያንስ አንዱ ዘንበል ተደርጎ በተቀማጭ ዓይን ልክ ይቀመጥ፤ ፎቅ ላይ ላሉት ሥዕሎች ጥሩ ፎቶግራፋቸው ምድር ቤት ይሰቀል። ከመምጣቱ በፊት ስልክ ለሚደውል ሰው የደረጃው ብዛት በእውነት ይነገረው። በእኛ ዞን ደግሞ በ2014ቱ ጦርነት የተጎዱ የሕዝብ ቤቶች ሲጠገኑና አዳዲሶቹ ሲታቀዱ፣ መሠረቱ ሳይቆፈር ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ፕላኑን ይየው። ኋላ ከማፍረስ ይረክሳል። መወጣጫው በተሠራበት ሁሉ የአቅጣጫ ሰሌዳውን ቀለሙን ብቻ ችላችሁልኝ እኔ ያለ ዋጋ እጽፋለሁ።

ይህን አቤቱታ ይዛላችሁ የምትመጣው እህቴ ናት፤ የምታስገባበት ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ እኔ ከታች በሩ አጠገብ እጠብቃለሁ። ምላሹን በጽሑፍ እንድትሰጡኝ፣ መጠየቅ የምትፈልጉት ነገር ካለም አንድ ሰው ወደ ታች ወርዶ እንዲያነጋግረኝ እለምናለሁ።

አመልካች፣ ሐይቅ